የጁሊ ምሕረቱ የከተማ ሥዕሎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጁሊ ምሕረቱ በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ አሜሪካ ያደገች፣ ኑሮዋን ኒውዮርክ ያደረገች ሠዓሊ ናት። ስሟ በዜና ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ አንድ የዶላር አኃዝ ይከተለዋል። ሥዕሎቿ ፊት የቆመ ሰው የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ግን ሌላ ናቸው። እዚህ የተሰበሰቡት በተለይ ከ2000 እስከ 2013 ገደማ የሠራቻቸውን፣ ከሕንፃ ንድፍና ከአደባባይ የተነሡ ትልልቅ ሸራዎች የሚመለከቱ ናቸው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከተማ ነው የምትሥለው ይባላል። ከተማው ግን የታለ?

አለ፤ ለማግኘት ግን መጠጋት ያስፈልጋል። ከአዳራሹ ማዶ ሆኖ የሚያይ ሰው ጭስ፣ አቧራ ወይም የወፍ መንጋ የሚመስል ግራጫ ነገር፣ በመካከሉም ቀይና ቢጫ ቅርጾች ብቻ ይታዩታል። ከሸራው አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ ሲቆም ግን በፀጉር ቅጥነት የተሠመሩ መስኮቶች፣ ዓምዶች፣ ቅስቶች፣ ደረጃዎችና በረንዳዎች ብቅ ብቅ ይላሉ። በማስመሪያ የተሠመሩ፣ የአርክቴክት መስመሮች ናቸው። አንዱን መስኮት ይዞ ወደ ጎን የሚጓዝ ዓይን ብዙም ሳይሄድ ሌላ ሕንፃ ያቋርጠዋል። የመጀመሪያው ከፊት ለፊት የታየ ግድግዳ ከሆነ ሁለተኛው ከላይ ወደ ታች የታየ የወለል ፕላን ሊሆን ይችላል። የትኛው ከፊት፣ የትኛው ከኋላ እንደሆነ መለየት ቶሎ ያቅታል።

በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ በእጅ የተጣሉ ጭረቶች፣ ነጥቦችና ሠረዞች አሉ። እነዚህ ማስመሪያ አያውቁም። ይሰባሰባሉ፣ ይበተናሉ፣ አንዳንዴ ተገፍተው ወደ አንድ ጥግ ይከማቻሉ። ሠዓሊዋ ገና ከ1990ዎቹ ጀምሮ እነዚህን ጭረቶች እንደ ገጸ ባሕርያት እንደምታያቸው ተናግራለች።

እኔ ሥዕሎቹን የማነባቸው በዚህ መንገድ ነው፦ ቀጥ ያለው መስመር ከተማውን ያቀዱት ሰዎች ድርሻ ነው፤ የመንግሥት፣ የባንክ፣ የመሐንዲስ። ጭረቱ በዚያ ዕቅድ ውስጥ ሳይጠየቅ የሚኖረው ሕዝብ ነው። ሥዕሉ የሚሠራው ሁለቱ ሲጋጩ ነው። ይህ አነባበብ የማይሠራላቸው ሸራዎች አሉ፤ ለጀማሪ ግን ጥሩ መግቢያ ይመስለኛል።

እንዴት ነው የምትሠራቸው?

በብዙ ትዕግሥትና በብዙ ረዳት። መጀመሪያ ንድፎች ይሰበሰባሉ፤ የአውሮፕላን ማረፊያ፣ የስታዲየም፣ የከተማ ግንብ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት። የተመረጠው ምስል በፕሮጀክተር ወደ ሸራው ይጣልና መስመሩ በቀጭን ብዕር ይገለበጣል። በስቱዲዮዋ ይህን የሚያደርጉ ረዳቶች አሉ፤ በእጅ የሚጣሉት ጭረቶች ግን የራሷ ናቸው።

ቀጥሎ የሚመጣው፣ ሥራዋን ከሌላው የለየው ደረጃ ነው። በተሠመረው ሁሉ ላይ ቀለም የሌለው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ አክሬሊክ (ሲደርቅ ፕላስቲክ የሚመስል ቅብ) ይረጭበታል። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት እየታሸ እንዲለሰልስ ይደረጋል። በዚያ ልሙጥ ገጽ ላይ ሌላ ንድፍ፣ ሌላ ጭረት፣ ሌላ ቀለም ይመጣል፤ እንደገና ይረጫል፣ እንደገና ይታሻል። ስለዚህ ከሥር ያለው መስመር ከላይ ባለው አይሸፈንም። በጥቂት ሚሊሜትር ጥልቀት ውስጥ ተቀብሮ እየታየ ይኖራል። ከጎን ቆሞ መብራቱ ሸራው ላይ እንዲያንጸባርቅ አድርጎ ላየው ሰው የብሩሽ ሸካራነት የሚባል ነገር የለም፤ ገጹ የተወለወለ ነው።

ቀለማቸው ደመቅ ያለው ቅርጾች ደግሞ ከባንዲራ፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳና ከድርጅቶች ዓርማ ተቆንጥረው የተወሰዱ ናቸው። ምንጫቸው እንዳይታወቅ ተደርገው ስለተቆረጡ፣ ይህ የማን ባንዲራ ነው ብሎ መፈለግ አብዛኛውን ጊዜ ከንቱ ድካም ነው።

ይህን እኮ ልጄም ይሞነጫጭረዋል።

ጭረቱን ምናልባት። ቁመቱ ሦስት ሜትር፣ ስፋቱ ሰባት ሜትር በሆነ ሸራ ላይ፣ ከሥር ያለውን የሕንፃ መስመር ሳያበላሹ፣ የቱ ጋ መጣልና የቱ ጋ መተው እንዳለበት ማወቅ ግን ሌላ ሙያ ነው። ደግሞስ ልጅዎ መሞነጫጨሩን ለምን እንደ ስድብ ይቆጥሩበታል?

ሕንፃና ካርታ ላይ የተጠመደችው አባቷ የጂኦግራፊ ምሁር ስለሆኑ ነው?

ይህ ማብራሪያ ለጋዜጣ ይመቻል፤ ውሸትም አይደለም። ኢትዮጵያዊው አባቷ በዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ያስተምሩ ነበር፤ አሜሪካዊቷ እናቷ የሞንቴሶሪ መምህርት ነበሩ። ቤተሰቡ በ1977 ከአገር ወጥቶ ሚሺጋን ግዛት ውስጥ ኢስት ላንሲንግ በምትባል ከተማ ሰፈረ። ቤት ውስጥ ካርታ ማየት ብርቋ አልነበረም ብሎ መገመት ይቻላል።

ነገር ግን የጂኦግራፊ ምሁር ልጅ ሁሉ ሠዓሊ አይሆንም። መንገዷን ብንከተል በካላማዙ ኮሌጅ ተምራለች፤ በዚያው መካከል ዳካር በሚገኘው የሼክ አንታ ዲዮፕ ዩኒቨርሲቲ ቆይታለች፤ የማስተርስ ዲግሪዋን በ1997 ከሮድ አይላንድ የዲዛይን ትምህርት ቤት አግኝታለች። በተማሪነቷ ዘመን የነበሩት ትንንሽ ጭረቶች የሚኖሩበት ቦታ ያስፈልጋቸው ነበር። መጀመሪያ ካርታ፣ ቀጥሎ የከተማ ፕላን፣ ከዚያም ሕንፃ ሆነላቸው። ሕንፃው የመጣው ጭረቶቹ ቤት ስላጡ ነው ማለት ከአባቷ ሙያ መነሣት ይልቅ ወደ ሥራው ያቀርባል።

መስቀል አደባባይ አለበት የሚባለው ሥዕል የትኛው ነው?

«ሞጋማ» የተባለው፣ በ2012 የተጠናቀቀው ባለ አራት ክፍል ሥዕል ነው። እያንዳንዱ ክፍል ቁመቱ ከአራት ሜትር ተኩል ያልፋል፤ ስፋቱም ወደ ሦስት ሜትር ከስድሳ ይጠጋል። ስሙን ያገኘው ካይሮ ውስጥ ታህሪር አደባባይ ዳር ከተገተረው ግዙፍ የቀድሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። መታወቂያ፣ ፓስፖርት፣ ፈቃድ የሚፈልግ ግብፃዊ ለአሠርት ዓመታት ደጁን ሲጠና የኖረበት ሕንፃ ነው፤ ቢሮክራሲ የሚባለው ነገር ድንጋይ ቢለብስ ይህን ይመስላል። በ2011 መጀመሪያ ላይ በግብፅ አብዮት ጊዜ ሕዝቡ አደባባዩን ሲሞላ ሕንፃው ከጀርባ ቆሞ ነበር።

ጁሊ የዚህን ሕንፃ መስመር ብቻውን አልተወችውም። ሕዝብ የተሰበሰበባቸውን ሌሎች አደባባዮች ደረበችበት፤ ከእነዚህም መካከል በኒውዮርኩ ዙኮቲ ፓርክ ዙሪያ ያሉት ፎቆችና የመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ይገኙበታል። ለእኛ ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። እነዚያን በግማሽ ክብ የተደረደሩ ደረጃዎች ማለዳ ሯጮች ሲወጡና ሲወርዱባቸው፣ በደመራ ምእመናን ሲሞሏቸው እናውቃቸዋለን። በደርግ ጊዜ ስሙ አብዮት አደባባይ ነበር። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ደም የመሰለ ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶችን የከሰከሱት በ1977 በዚሁ ቦታ ነው፤ የጁሊ ቤተሰብ አዲስ አበባን የለቀቀውም በዚያው ዓመት ነው። ሥዕሉ ይህን ታሪክ አይነግርም፤ ጠርሙስም ሰልፈኛም የለበትም። ታሪኩን የሚያውቅ ተመልካች ግን ደረጃውን ከግብፁ ሕንፃ ሥር ሲያገኘው ሌላው ሰው የማያየውን ያያል።

ይሁንና ደረጃውን በቀላሉ አገኘዋለሁ ብሎ የሚሄድ ሰው ይቸገራል። የአራቱ ክፍሎች መስመሮች በጣም ተደራርበዋል፤ ከላይም ጥቁር ጭረት እንደ ዝናብ ወርዶባቸዋል። ሥዕሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የቀረበው በ2012 ጀርመን ካሰል ውስጥ በተካሄደው 13ኛው ዶኩሜንታ ዐውደ ርእይ ነው። ዛሬ አራቱ ክፍሎች ተለያይተዋል፤ ሦስተኛው ለንደን በሚገኘው የቴት ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ነው። ደረጃውን ፍለጋ የሚጓዝ ሰው አስቀድሞ የትኛው ክፍል የት ለእይታ እንደቀረበ ቢያጣራ ይሻላል።

አንዳንዶቹ ሥዕሎች ያልተጨረሱ ወይም የተደመሰሱ ይመስላሉ። ለምን?

ምክንያቱም ተደምስሰዋል። በ2007 ለነፃ የፈጠራ ሥራ ቆይታ በርሊን ሄደች፤ በዚያ ከተማ የተፀነሱት ሥዕሎች «ግራጫ ቦታ» በሚል ርእስ በ2009 እዚያው ለእይታ ቀረቡ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ወደ ኒውዮርኩ ጉገንሃይም ሙዚየም ተሻገሩ። የቀደሙት ሥራዎቿ ባንዲራ መሰል ቀለሞች እዚህ የሉም ማለት ይቻላል። በርሊን በጦርነት የፈረሰች፣ ለሁለት የተከፈለች፣ እንደገና የተሠራች ከተማ ናት፤ በሥዕሎቹ ላይም መስመር ከተሠመረ በኋላ ታሽቶ ጠፍቷል፣ እድፉ ብቻ ቀርቷል።

ከተከታታይ ሥራዎቹ ውስጥ እኔን የሚይዘኝ «በርሊነር ፕላትዘ» የተባለው ነው። ሲታይ ባዶ ነው ሊባል ምንም አይቀረው። የጀርመን ሕንፃዎች የፊት ገጽታዎች በቀጭኑ ተሠምረው እርስ በርስ ተደራርበዋል፤ ብዙዎቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወደሙ ናቸው። ጭረት የሚጥል ሕዝብ የለም። ቁም ጸሐፊ ብራናውን ፍቆ አዲስ ጽሑፍ ሲጽፍበት አሮጌው ፊደል ከሥር ደብዝዞ እንደሚቀረው፣ እዚህም የሌለው ሕንፃ ካለው በላይ ይታያል።

ይህን ሥዕል በ2024 የኮሪደር ልማት ሲጀመር ፒያሳን ላየ የአዲስ አበባ ሰው ማብራራት አያስፈልግም። የእንጨት በረንዳ የነበረበትን ማዕዘን ዛሬ ላይ ቆሞ በዓይነ ኅሊናው የሚሠምር ብዙ ነው። ልማቱ ይደገፍ ይነቀፍ የሚለው ክርክር ሌላ ቦታ ይቆየን፤ የሕንፃ መስመር ግን ሕንፃው ከፈረሰ በኋላም ሥራ እንዳለው ሥዕሉ ያሳያል።

ባንክ ውስጥ የተሠራ ሥዕልም አላት መባሉ እውነት ነው?

እውነት ነው። ታችኛው ማንሃታን በሚገኘው የጎልድማን ሳክስ ዋና መሥሪያ ቤት መግቢያ ላይ «ሙራል» የተሰኘው ሥዕሏ አለ። ቁመቱ 7 ሜትር፣ ርዝመቱ 24 ሜትር ገደማ ነው፤ በ2009 ተጠናቀቀ። ከንብርብሮቹ መካከል የንግድ መስመር ካርታዎች፣ የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሕንፃ እና የኒው ኦርሊንስ የጥጥ ገበያ ሕንፃ ይገኙበታል። የአሜሪካ ጥጥ በማን ጉልበት እንደተለቀመ የሚያውቅ ሰው በባንክ ደጃፍ ላይ ይህን ሕንፃ ማስቀመጧን በከንቱ አያየውም።

ከእንዲህ ያለ ባንክ ትእዛዝ መቀበሏን ከ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ በኋላ የነቀፉ አልጠፉም። ነቀፋው ተገቢ ነው ብዬ ባምንም፣ ሥዕሉ በመስታወቱ አልፎ ከመንገድ ለሚያየው እግረኛ የሚናገረው ከግል ሳሎን ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ከሚናገረው ይበልጣል።

አሁንም ሕንፃ ትሥላለች?

ያን ያህል አይደለም። ከ2010ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ከሥር የምታስቀምጠው የተሠመረ ንድፍ ሳይሆን የዜና ፎቶግራፍ ነው፤ የሰደድ እሳት፣ የተቃውሞ ሰልፍ፣ የፖሊስ አሰላለፍ። ፎቶው በኮምፒውተር እንዲደበዝዝ ተደርጎ ሸራው ላይ ያርፍና ጭረቱ በላዩ ይመጣል። መንገዱና አደባባዩ አሁንም አሉ፤ ግድግዳቸው ግን ቀልጧል። የቀድሞውን የሚወዱ ይህን እንደ ኪሳራ ያዩታል። እኔም አልፎ አልፎ ያ ቀጭን መስመር ይናፍቀኛል።

ኢትዮጵያዊት ሠዓሊ ናት ማለት ይቻላል?

ትውልዷ አዲስ አበባ፣ አባቷ ኢትዮጵያዊ፣ ትምህርቷና ሙያዋ አሜሪካዊ ነው። በ2016 ሥራዎቿን አዲስ አበባ አምጥታ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል፣ በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየሙ አሳይታለች። የእኛ ናት ብሎ መኩራት ክፋት የለውም። ሥዕሏ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ዓይንና የጥልፍ ጥለት መፈለግ ግን ከሥራው ያርቃል።

ይልቅ የሚያስገርመው የቦታው ስም ነው። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ በ1960ዎቹ ረቂቅ ሥዕልን፣ ማለትም ነገሮችን በመልካቸው የማያሳየውን ሥዕል፣ ይዞ ሲመለስ «ይህ ምኑ ሥዕል ነው» ተብሎ ብዙ ተሟግቷል። የሞተውም በ1981 በስደት ኦክላሆማ ውስጥ ነው። ስለዚህ ረቂቅ ሥዕል ለአዲስ አበባ ጁሊ ይዛው የመጣችው እንግዳ ነገር አይደለም።

አዲስ አበባን ራሷን በዚህ መንፈስ የሚሠሩ አሉ?

አሉ፤ በመንገዱ ግን ይለያያሉ። አዲስ ገዛኸኝ «ተንሳፋፊ ከተሞች» በሚል በሚታወቁት ሥራዎቹ የመጽሔት ቁራጭና አክሬሊክ እያዋሐደ የቤት ፊቶችን፣ በሮችንና መስኮቶችን እርስ በርስ ይቆልላል። የቆርቆሮ ቤቱና ፎቁ አንድ ላይ ተጣብቀው መሬት ሳይነኩ ይቆማሉ። ሙሉ በሙሉ ረቂቅ ነው አይባልም፤ በሩን በር ማለት ይቻላልና።

ኤልያስ ስሜ ደግሞ ቀለም ትቶ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒውተር ሰሌዳ ይዟል። ከመርካቶ የሚሰበሰበውን ውዳቂ ሽቦ እየጎነጎነና እየቸነከረ የሚሠራቸው ሰፋፊ ገጾች ከአውሮፕላን መስኮት የታየ ከተማና እርሻ ይመስላሉ። በ2019 የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ከመሥራቾቹ አንዱ እሱ ነው።

የት ማየት ይቻላል? በስልክ ማየትስ አይበቃም?

በስልክ አይበቃም። ቀጭኑ መስመር በስክሪን ላይ ግራጫ ጉም ይሆናል፤ ማለትም ሕንፃው ከነጭራሹ ይጠፋል። ኒውዮርክ ያለ ሰው ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ የ2003ቱን ኢስታንቡልን የተመለከተ ሥዕሏን ሊያገኝ ይችላል። ሎስ አንጀለስ ያለ «ካይሮ» የተባለውን በብሮድ ሙዚየም፣ ፒትስበርግ ያለ «ስታዲያ 2»ን በካርኔጊ ሙዚየም። ሙዚየሞች ሥዕል እየቀያየሩ ስለሚሰቅሉ ከመሄድ በፊት ድረ ገጻቸውን ማየት ግድ ነው። ዕድሜያቸው 25 እና ከዚያ በታች የሆኑ ወጣቶች የኒውዮርኩን ዊትኒ ሙዚየም ከ2024 ማብቂያ ጀምሮ በነፃ ይጎበኛሉ፤ ለዚህ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ የለገሰችው ጁሊ ናት።

በስንት ይሸጣሉ?

በ2008 የሠራችው አንድ ሥዕል በኅዳር 2023 ኒውዮርክ ውስጥ በሶዝቢስ ጨረታ በ10.7 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል፤ በአፍሪካ ለተወለደ ሠዓሊ ያኔ አዲስ ክብረ ወሰን ነበር። ገንዘቡ ግን ለሻጩ ነው። በአሜሪካ ሕግ ሥዕል ዳግም ሲሸጥ ሠዓሊው ድርሻ የለውም።

አሜሪካ የሚማረው ልጄ «ስታዲያ 2»ን እንዲተነትን ታዟል። ምን ልንገረው?

ሥዕሉ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለሚሰጠው የከፍተኛ ደረጃ የሥነ ጥበብ ታሪክ ኮርስ ከተመረጡት 250 ሥራዎች አንዱ ስለሆነ ትእዛዙ ብዙ ቤት ይገባል።

መጀመሪያ የት እንደቆመ ይጠየቅ። ክብ ክብ እያሉ የሚወጡት መስመሮች የስታዲየም መቀመጫዎች ናቸው፤ ተመልካቹ ከሜዳው መካከል ቆሞ ወደ ላይ የሚያይ ይመስላል። ተጫዋች ግን የለም፣ ኳስም የለም። ከላይ የተንጠለጠሉት ቀለማት ባንዲራና ሰንደቅ ይመስላሉ፤ የየትኛው አገር እንደሆኑ ግን አይለዩም። ከዚያ ጭረቶቹን ያስተውል፦ የሚጨፍር ሕዝብ ናቸው ወይስ የሚሸሽ? ሥዕሉ የተሠራው የኢራቅ ጦርነት በተጀመረ ማግስት፣ የአቴንስ ኦሎምፒክ በተካሄደበት ዓመት ነው፤ ስታዲየም ውስጥ የሚሰማው የአገር ፍቅር ጩኸትና የጦርነት ጩኸት ምን ያህል እንደሚቀራረቡ መጻፍ ይችላል። መልሱን ከሁለቱ በአንዱ ብቻ ቢዘጋው ግን መምህሩ ላይረካ ይችላል፤ ሥዕሉ ራሱ አልዘጋውምና። መለያውን ሲጽፍ ዓመቱን 2004፣ ቁሳቁሱን የጽሕፈት ቀለምና አክሬሊክ በሸራ ላይ ብሎ ይመዝግብ፤ ፈተናው ላይ ለዚህም ነጥብ ይሰጣል።